የታናሿ ቁጥር

ልብስ ሰፊዋ በሰፈሩ የምትታወቀው አዲስ ልብስ በመስፋት ሳይሆን አሮጌውን በማዳን ነበር። የተቀደደ ኪስ፣ የሳሳ ክርን፣ እምቢ ያለ ዚፕ፣ ከባለቤቱ ጋር አብሮ ያልወፈረ ሱሪ፣ ሁሉም መጨረሻው እሷ ጋ ነው። ሱቋ ወደ መንገዱ የምታየዋ የቤቷ የፊት ክፍል ናት፤ አንድ ሰፊ መስኮት፣ አንድ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና፣ አንድ የካውያ ጠረጴዛ። ከኋላ ባሉት ክፍሎች ከባሏ ጋር ትኖራለች። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ጫጫታ ሲሰማ ስለሚውል ቤት ሲገባ ብዙ መናገር አይወድም። ልጅ አልወለዱም።

በስምንት ዓመት የምታንሳት አንዲት እህት አለቻት። ታናሿ በልጅነቷ ከታላቋ ቀሚስ ሥር ስለማትጠፋ ቤተሰቡ «ጭራ» ይላት ነበር፤ ስሙም በዚያው ቀረ። ጭራ አድጋ የኢንሹራንስ ቢሮ ሠራተኛ ሆናለች፣ ሁለት ሴቶች ልጆች ወልዳለች፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች፣ መኪና ትነዳለች። ታላቋ ግን ዛሬም ጭራዬ እያለች ነው የምትጠራት።

አንድ ቅዳሜ ጭራ ወረቀት ይዛ ሱቁ ገባች።

«እትዬ፣ ተዋርጄ መጣሁ» አለችና ወረቀቱን የስፌት መኪናው ላይ ዘረጋችው።

ቢሮዋ የስድስት ወር ፕሮግራም ጀምሮ ነበር። ሠራተኛው በየወሩ ቤቱ ስንት መብራትና ጋዝ እንደፈጀ፣ በመኪና ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ፣ ስንት ቀን ሥጋ እንደበላ፣ ስንት አዲስ ልብስ እንደገዛ ይሞላል። የፕሮግራሙ ኃላፊ ያንን ሁሉ አስልታ ቤቱ በወሩ ውስጥ ስንት ኪሎ የተቃጠለ አየር ወደ ሰማይ እንደለቀቀ ትነግረዋለች። የካርቦን አሻራ የሚሉት ይኸንን ነው። የጭራ ቤት ዘጠኝ መቶ አርባ ኪሎ ለቋል።

«ከሠላሳ አንድ ሰው ሠላሳ አንደኛ ወጣሁ። ዘበኛው እንኳ በለጠኝ።»

«ዘበኛው በእግሩ ነዋ የሚመጣው።»

«እኔስ ምን ላድርግ? እስቲ አንቺ እንዴት ነው የምትኖሪው?»

ልብስ ሰፊዋ ሳቀች። እንዴት እንደምትኖር ጠይቋት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የምትኖረው እንደዚያው ነው። ምስሩን ከማታ ጀምራ ትዘፈዝፈዋለች፣ ቶሎ ስለሚበስል። ድስቱን ከድና ትቀቅላለች፣ ሊበስል ትንሽ ሲቀረው ጋዙን አጥፍታ በራሱ ሙቀት እንዲጨርስ ትተወዋለች። ልብስ በቀዝቃዛ ውሃ አጥባ ገመድ ላይ ታሰጣለች። ከክፍሉ የወጣ ሰው አምፖሉን አጥፍቶ ይወጣል። ሥጋ እሑድ እሑድ ነው። በእግር የሚደረስበት ቦታ በእግር ይኬዳል።

ጭራ ደብተር አውጥታ መጻፍ ጀመረች።

«ልብስስ? እኔ በየወሩ እገዛለሁ፤ ቶሎ ያረጅብኛል።»

«አያረጅም፣ ይሰለችሻል እንጂ። ልብስን የሚገድለው መልበስ አይደለም፣ መሰልቸት ነው።»

ጭራ ይህችንም ጻፈቻት። ታላቅየዋ እርሳሱ ሲሮጥ እያየች ደስ አላት። ያን ቀን ማታ ለባሏ «ዛሬ አስተማሪ ሆኜ ዋልኩ» አለችው።

ጭራ እንደ ቀልድ የጀመረችው ነገር ያዛት። የልብስ ማድረቂያ ማሽኗን አውጥታ ሰጠች፣ በረንዳዋ ላይ ገመድ ዘረጋች፣ መኪናዋን አቁማ በአውቶቡስ መመላለስ ጀመረች። በሁለተኛው ወር ሃያኛ፣ በሦስተኛው ዘጠነኛ፣ በአራተኛው ሦስተኛ ወጣች። በየጊዜው እየሮጠች መጥታ ትነግራታለች፤ ታላቋም ከልቧ ትደሰት ነበር።

መኪናው ሲቆም ልጆቹን ከትምህርት ቤት የሚያመጣ ጠፋ። ትምህርት ቤቱ ግን ከልብስ ሰፊዋ ሱቅ ሁለት መታጠፊያ ብቻ ነው የሚርቀው። ስለዚህ ልጆቹ ከሰዓት በኋላ በእግራቸው አክስታቸው ጋ እየመጡ፣ ስፖርት ባለባቸው ቀን ገላቸውን ታጥበው፣ የቤት ሥራቸውን ሠርተው መቆየት ጀመሩ፤ እናታቸውም ከሥራ ስትመለስ ይዛቸው ትሄዳለች። የጭራ ባል ሸሚዞችም ተከተሉ። «መቼም ካውያው እንደሞቀ ነው የሚውለው» ብላ ሰኞ ሰኞ አንድ ከረጢት ሸሚዝ ታስቀምጣለች። ልብስ ሰፊዋ አንድም ቀን ቅር አላላትም። እንዲያውም ልጆቹ ከመጡ ወዲህ ቤቷ ቤት መሰለ። ትልቋ ቁልፍ መስፋት ተማረች፤ ትንሿ የአክስቷ ባል ሲገባ ኮፍያውን ነጥቃ እየሮጠች ያን ዝምተኛ ሰውዬ ማስለፍለፍ ቻለች።

ነገሩ የተበላሸው በአምስተኛው ወር ነው።

ልብስ ሰፊዋ የእህቷን ቢሮ የጥበቃ ሠራተኞች ዩኒፎርም ትጠግን ነበር። አንድ ጠዋት የጨረሰቻቸውን አራት ኮቶች ይዛ ስትገባ በሩ አጠገብ ባለው ግድግዳ ላይ የእህቷን ፎቶ አየች። ሰው የሚያህል ፎቶ ነው። ጭራ በረንዳዋ ላይ ቆማ አንሶላ ታሰጣለች፤ ትስቃለች። ከሥሩ በትልልቁ «የወሩ አንደኛ» ይላል። ቀጥሎ ምክሮቿ ተደርድረዋል። ምስር ስለመዘፍዘፍ፣ ድስት ስለመክደን፣ ጋዝ ቀድሞ ስለማጥፋት። ከሁሉም በላይ ደግሞ በትዕምርተ ጥቅስ ውስጥ፣ «ልብስን የሚገድለው መልበስ አይደለም፣ መሰልቸት ነው» ተብሎ ተጽፎ የጭራ ስም ሰፍሮበታል።

ልብስ ሰፊዋ ኮቶቹን እንዳቀፈች ቆመች። ጽሑፉ ውስጥ የራሷን ስም ፈለገች። «እህቴ» የምትለዋን ቃል ብቻ እንኳ ፈለገች። የለችም።

«ጎበዝ ሴት ናት» አላት ዘበኛው ኮቶቹን እየተቀበለ። «ከየት እንደምታመጣው እንጃ።»

«እሱስ» አለች።

ለእህቷ አልነገረቻትም። ሆድ ይፍጀው ብላ ዋጠችው፤ ግን የዋጠችው ነገር አልረጋም አለ። በሳምንቱ ጭራ ሬዲዮ ላይ ቀረበች። ልብስ ሰፊዋ የሰማችው የስፌት መኪናዋን እየረገጠች ነው። የእህቷ ድምፅ ያምራል፤ ከልጅነቷም ወሬ ትችልበታለች። ጋዜጠኛው «ይህን ሁሉ እንዴት አወቅሽው?» ሲላት ልብስ ሰፊዋ እግሯን ከመርገጫው አነሳች።

«ዝም ብዬ አካባቢዬን በማየት» አለች ጭራ።

በዚያው ሳምንት አንዲት የቆየች ደንበኛ ያረጀ ቀይ ካፖርት ይዛ መጣች። «ልጥለው ነበር» አለች፤ «ግን እህትሽ በሬዲዮ ስትናገር ልቤን ነካችው። ልብስ መጣል ተገቢ እንዳልሆነ ታውቂያለሽ? ጨርቅ ለመሥራት ስንት ውሃና ነዳጅ እንደሚፈጅ? እሷን ብትሰሚያት ብዙ ትማሪያለሽ።»

«እሰማታለሁ» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ መርፌዋ አውራ ጣቷ ውስጥ ገባ።

ከዚያ በኋላ ዓይኗ ሌላ ነገር ማየት ተወ። ልጆቹ ስለ እናታቸው ሲያወሩ ትሰማና ወሬ ትቀይራለች። ጭራ ስትመጣ አጎንብሳ ትቀመቅማለች፤ ሰላምታዋ አጠረ። ጭራ አንዴ «ደክሞሻል መሰለኝ፣ እትዬ» አለቻት። «እርጅና ነው» ብላ መለሰች።

ቅናት ብቻውን አይቀመጥም፤ ሥራ ይፈልጋል። ልብስ ሰፊዋ እህቷ ረስታ ከተወቻቸው ያልተሞሉ ቅጾች አንዱን አወጣችና የራሷን ቤት ልትለካ ተነሳች። ዕድሜ ልኳን እንዲህ የኖረችው እሷ ናት፤ ቁጥሩ ይናገር። ቆጣሪዋን አነበበች፣ የጋዙን ጻፈች፣ መኪና ዜሮ፣ አዲስ ልብስ ዜሮ። ስሌቱን ትልቋ የእህቷ ልጅ በስልኳ ሠራችላት።

«ሁለት መቶ ሠላሳ ስድስት» አለች ልጅቷ።

«የእናትሽስ ስንት ነው?»

«ባለፈው ወር ሁለት መቶ ስምንት።»

ልብስ ሰፊዋ ወረቀቱን ነጥቃ አየችው። አራት ሰው ያለበት ቤት ሁለት ሰው ካለበት ቤት አንሷል። ደግማ አስደመረች፤ ያው ነው።

ማቀዝቀዣውን ነቀለች፤ ወተቱ ተበላሸ። የባሏን የሻይ ውሃ አንዴ አፍልታ በፔርሙዝ ለቀን ሙሉ አደረገች። የእሑዱን ሥጋም አስቀረች። ባሏ ለሁለት ሳምንት ታገሰ። በሦስተኛው እሑድ ጎመኑን በሹካ እያገላበጠ፣ «ይህ ነገር ለሰማዩ ነው ለጭራ?» አላት።

«ለሰማዩ።»

«ሰማዩስ እንዲህ አያኮርፍም» አለና ጎመኑን በላ።

በወሩ መጨረሻ ቆጣሪውን ስታነብ ግን ቁጥሩ ብዙ አልወረደም ነበር። በዚያው ቅጽበት ገባት። ውሃ ማሞቂያው አለ፤ የሁለት ልጆች ገላ። ካውያው አለ፤ በሳምንት ሰባት ሸሚዝ። እህቷ ከራሷ ቤት ያወረደችው ሸክም እዚህ ተቀምጦ ነበር፤ በእሷ ቆጣሪ፣ በእሷ ስም። ደሟ ፈላ። ሰው ቃሏን ይወስዳል፤ የገዛ ቁጥሯን ግን እንዴት ይወስዱባታል?

እህቷን በስልክ ብትጠራት ኖሮ ነገሩ በአንድ ሻይ ያልቅ ነበር። ይህን ራሷም በኋላ ብላዋለች። ያን ጊዜ ግን የተጠገነ አንድ የዘበኛ ሱሪ አጣጥፋ ወደ ቢሮው ሄደች። የፕሮግራሙ መዝጊያ ሊደርስ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ኃላፊዋ መነጽር ያደረገች ወጣት ሴት ናት፤ ለሥነ ሥርዓቱ ወንበር እያስደረደረች ነበር።

«የእሷ እህት ነሽ አይደል? ትመሳሰላላችሁ። እንዴት ትኮሪባታለሽ!»

«እኮራለሁ እንጂ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «እኔማ አግዣታለሁ። ሸሚዙም እኔ ጋ ይተኮሳል፣ ልጆቹም እኔ ጋ ነው ገላቸውን የሚታጠቡት። መቼም ወረቀቷ ላይ ይህን ሞልታው ይሆናል።»

ቀልድ አስመስላ ነው ያለችው። ኃላፊዋ ግን ወንበሩን አስቀመጠች። «ከመቼ ጀምሮ?» አለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ልብስ ሰፊዋ ወሩንም፣ የሸሚዙንም ብዛት ተናገረች።

ወደ ቤት ስትመለስ እግሯ ቀሏት ነበር። መታጠፊያው ጋ ስትደርስ ግን እርምጃዋን አዘገየች። ማታ ለባሏ ነገረችው። «ውሸት አልተናገርኩም» አለች።

«እውነት ነው። ግን ለእውነት ብለሽ ነው የሄድሽው?»

ሳህኑን አነሳች።

ጭራ የመጣችው በመዝጊያው ማግስት ነው። ልጆቹን ወደ ኋላኛው ክፍል አስገብታ በሩን ዘጋች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር።

«ፎቶዬን ትናንት ጠዋት አወረዱት። በሰው ሁሉ ፊት፣ በመሰላል። አንደኛ የሒሳብ ሠራተኛው ነው ተባለ። ማን እንደነገራቸው ስጠይቅ 'እህትሽ' አሉኝ። የተሳሳቱ መስሎኝ ሳቅኩ።»

ልብስ ሰፊዋ መቀሷን አስቀመጠች።

«ለምን እኔን አልነገርሽኝም? 'ጭራ፣ ይህን ጨምሪበት' ብትዪኝ እጨምረው ነበር። እኔ አላሰብኩትም። ሸሚዝ አንቺ ጋ ማስቀመጥ ለእኔ ቤቴ ማስቀመጥ ነው።»

«ቃሌንም ቤትሽ መስሎሽ ነው የወሰድሽው? ሬዲዮ ላይ 'አካባቢዬን በማየት' አልሽ። አካባቢሽ እኔ ነኝ?»

ጭራ በሩን ተደገፈች። ፊቷ ቀላ።

«አዎ፣ ያንን ሆን ብዬ ነው ያደረግኩት» አለች። «'እንደ እህትሽ ሁኚ' እየተባልኩ ነው ያደግኩት። እናታችን እስክትሞት ድረስ ለመጣ እንግዳ ሁሉ የአንቺን እጅ እያነሳች ነው ያሳየችው። የእኔን እጅ አንስቶ ያየ ሰው የለም። አንድ ጊዜ፣ አንቺ የሌለሽበት ምስጋና ፈለግኩ። እሱንም አላስተረፍሽልኝም።»

ልጆቹን ጠራች፣ ያልተተኮሱትን ሸሚዞች በከረጢት ያዘች፣ ወጣች።

ልብስ ሰፊዋ ያን ቀን የሰማችውን ለማመን ሦስት ቀን ፈጀባት። እሷ እኮ ሁልጊዜ በጭራ ነበር የምትቀናው። ጭራ ነች የተማረችው፣ ጭራ ነች የወለደችው፣ ጭራ ነች ሰው ፊት ቆማ የምትናገረው። ጭራ በተራዋ በእሷ ጣቶች ስትቀና መኖሯ በሐሳቧ መጥቶ አያውቅም።

ሱቁ ጸጥ አለ። ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤቱ ሲለቀቅ መስኮቱ ጋ ትቆማለች፤ የእህቷ መኪና መጥታ ልጆቹን ጭና ታልፋለች። ትንሿ አንዴ በመስታወቱ እጇን አወዛወዘችላት፤ እናቷ ፊት ለፊቷን ብቻ ታያለች። ባልየው ሲገባ ኮፍያውን የሚነጥቀው የለም፤ ራሱ አውልቆ ሚስማሩ ላይ ይሰቅለዋል።

በወሩ መጨረሻ ልብስ ሰፊዋ ከልማድ ቆጣሪውን አነበበች። አሁን አስልቶ የሚሰጣት ስለሌለ ራሷ በእርሳስ ሠራችው። መቶ ስልሳ ሰባት። በዚያ ቢሮ ውስጥ ካለ ከማንኛውም ሰው ያነሰ ነው። ባሏ ከኋላዋ ቆሞ አየው።

«አሸነፍሽ ማለት ነው?» አላት። ክፋት አልነበረበትም፤ መጠየቁ ነው። ወረቀቱን ጨምድዳ ኪሷ ከተተችና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች።

እሑድ ከሰዓት በኋላ አምስቱን ፎቅ በእግሯ ወጣች። በሩን የከፈተላት የእህቷ ባል ነው፤ ወደ ሳሎኑ በአገጩ ጠቆማት። ጭራ ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር። ከአንገትጌው ሳይሆን ከደረቱ ጀምራለች፤ እጅጌው ላይ ሁለት መስመር አውጥታለች። ልብስ ሰፊዋ እጇን ልትዘረጋ ብላ ተወችው።

«ቀንቼ ነው» አለች። «እውነቱን ለማውጣት አይደለም የሄድኩት። ፎቶሽን አይቼ ቀንቼ ነው።»

ጭራ ካውያውን አላስቀመጠችም።

«ፎቶውስ ቢሆን ምን ያስቀናል?» አለች። «አገጬን ሁለት አድርጎ ነው ያነሳኝ።»

«ሦስት ነበር።»

ጭራ አልሳቀችም፤ ግን ወንበር በእግሯ ወደ እሷ ገፋችላት። ያን ቀን ይቅር አልተባባሉም። ሻይ ጠጡ፣ ልጆቹ መጥተው ትከሻዋ ላይ ተንጠለጠሉ፣ ስለ ሌላ ሌላ ነገር አወሩ። ልትሄድ ስትነሳ ልብስ ሰፊዋ የመጣችበትን ሁለተኛ ጉዳይ ተናገረች። የፕሮግራሙ ኃላፊ ሐሙስ ሐሙስ በምሳ ሰዓት ለሠራተኞቹ ልብስ መጠገን እንድታስተምር መልእክት ልካላት ነበር።

«ብቻዬን አልሄድም። ሰው ፊት ስቆም ምላሴ ይታሰራል፤ ታውቂያለሽ። አንቺ ተናገሪ፣ እኔ ላሳይ።»

«የወረደ ፎቶዬ በነበረበት ግድግዳ ሥር?»

«አዳራሹ በሌላ በኩል ነው።»

«ላስብበት» አለች ጭራ፤ ሦስት ሳምንት አሰበችበት።

የመጀመሪያው ሐሙስ አሥራ ስምንት ሰው መጣ። አንደኛ የወጣው የሒሳብ ሠራተኛም ሁለት ጣቱ የሚወጣበት ካልሲ ይዞ ከፊት ተቀመጠ። ጭራ ከሁሉ አስቀድማ ቆመችና «መግቢያው ግድግዳ ላይ የእኔ ነው ተብሎ ተጽፎ የነበረው ሁሉ የእሷ ነው» አለች፤ እህቷንም በእጇ አመለከተች። ከዚያ ወዲያ ወሬዋ መጣላት። የመጀመሪያውን ምስር እንዴት እንዳሳረረች፣ በአውቶቡስ የሄደች ቀን የት እንደምትወርድ ጠፍቷት እስከ መጨረሻው ፌርማታ እንደደረሰች ተናገረች፤ አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ልብስ ሰፊዋ መርፌ ውስጥ ክር እያስገባች ቀና ብላ ያንን የሚስቅ ፊት ሁሉ አየች። ያ የምታውቀው ቅናት ጡቷ ሥር ጫር አደረጋት። አልጠፋም ነበር። ዝም ብላ ካልሲውን ተቀበለችና ቀዳዳውን እንዴት እንደሚሞሉት ታሳይ ጀመር፤ ቀስ በቀስ ወሬው ቆመ፣ ሰዎቹ ተነስተው እጆቿን ከበቡ፣ ጭራ ከኋላ ብቻዋን ቀረች።

ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«ዛሬ መጨረሻ ላይ ሁሉም አንቺን ከበው ሲያዩ» አለች ጭራ ወደ መስኮቱ እያየች፣ «ትንሽ አናደደኝ።»

«እኔም ሲስቁልሽ።»

«ብዙ?»

«ካልሲውን ልወረውርብሽ ምንም አልቀረኝም።»

ጭራ ያኔ ሳቀች፤ ከፊት የተቀመጡት ዞረው እስኪያዩ ድረስ። ከሰኞ ጀምሮ ልጆቹ ወደ አክስታቸው ቤት መምጣት ጀመሩ፣ መኪናዋም ቆመች። ቢሮው ፕሮግራሙን ለሁለተኛ ጊዜ ሲጀምር ጭራ ቅጹ ላይ አዲስ መስመር አስምራ «እህቴ ቤት» ብላ የገላውንም የካውያውንም ትሞላ ጀመር። በመጀመሪያው ወር አሥራ አንደኛ ወጣች፤ በማንም አልተከፋችም።